ወጌሻው ትከሻሽን የለቀቁ ቀን

ውድ እህቴ ሮዲ፣

በአፌ ብነግርሽ «ጌዲ ደግሞ ጀመረው» ትያለሽ፤ ስለዚህ አንቺ ተኝተሽ ሳለ ጻፍኩልሽ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ጽሑፍ ነው፤ ታግሰሽ አንብቢ። ባልሽ አጵሎስ ከጫንጮ ሳይት እየመጣ ነው።

ያለፈው ሳምንት አልትራሳውንድ ተነስተሽ «ልጁ ቦታውን ይዟል» ሲሉሽ ሁላችንም አረፍን። ዛሬ ጠዋት «ትከሻዬን» ስትዪ፣ ፋብሪካ ካርቶን ስለምትሸከሚ ነው ብዬ ወጌሻው ኦቦ ዱቤ ዘንድ ወሰድኩሽ። ባጃጅ ውስጥ ሆድሽን ይዘሽ ስታቃስቺ እኔም ድምፅሽን እያስመሰልኩ አቃሰትኩ።

«ቆይ፣ ይሻለኝና እገድልሃለሁ» አልሽኝ።

ኦቦ ዱቤ ትከሻሽን ሁለቴ ዳሰሱና እጃቸውን አነሱ።

«ኩን ላፌ ሚቲ። የአጥንት ነገር አይደለም። ከንፈሯን አታይም? ነጭ ሆኗል። ነፍሰ ጡር ናት?»

«ሁለት ወሯ ነው። አንቱ ደግሞ የማሻውን ቅቤ ሰስተው ነው!»

አልሳቁም። አንቺ ልትነሺ ስትዪ ወደቅሽ።

ሮዲ፣ እዚህ ላይ ልናዘዝ። አጨበጨብኩ። ስንት ጊዜ የሞትኩ መስዬ አስደንግጬሻለሁ፤ የተበቀልሽኝ መሰለኝ። «ጎበዝ! በይ አሁን ተነሺ» እያልኩ ቆሜ ሳቅኩ። ኦቦ ዱቤ በከዘራቸው እግሬን መቱኝ።

«አንተ! ሰው እየሞተ ነው!»

እጅሽን ስይዘው በረዶ ነው።

ሆስፒታል ሐኪሟ ሆድሽን በአልትራሳውንድ አይታ ነገረችኝ። መንታ ነበር፤ አንዱ ማህፀንሽ ውስጥ፣ ሌላው የማህፀን ቱቦ ውስጥ። እንዲህ በአንዴ ሁለት ቦታ ብዙ አያጋጥምም አለችኝ። አንዱ ቦታውን ስለያዘ ሌላውን የፈለገ አልነበረም። ቱቦው ፈንድቷል። ትከሻሽን ያሳመመውም ሆድሽ ውስጥ የፈሰሰው ደም ነው።

«አሁኑኑ ካልከፈትናት አትተርፍም። የማህፀኑም ሊወርድ ይችላል። ትፈርማለህ?»

ፈረምኩ። ስለ ልጁ አንድ ቃል አልጠየቅኩም።

አንቺ ተርፈሻል። ቱቦውን አውጥተውታል። ደም ሰጥተውሻል፤ አንዱ ከረጢት የእኔ ነው፣ ከእንግዲህ ሳታስቢው ሰው ላይ ብትቀልጂ እንዳይገርምሽ። የማህፀኑ ልጅ ልብ ይመታል፤ ስክሪኑ ላይ ብልጭ ብልጭ ሲል አይቼዋለሁ። ግን እየደማሽ ነው። ሐኪሟን «ይቆያል አይደል?» ስላት «ነገ እናያለን» ብላ ዓይኗን መለሰች። ከዚያ ወዲህ ነርሷ ሁለቴ መጥታ አንሶላሽን ገልጣ አየች።

ስትነቂ «ልጄስ?» ትያለሽ። እስካሁን ይመታል። ከዚህ በላይ የሚያውቅ እዚህ ቤት የለም። ነገ ክፉ ከመጣ ሐኪሟን እንዳትጠዪ፤ ሳልጠይቅ የፈረምኩት እኔ ነኝ። እንደገና ቢጠይቁኝም ያንኑ እፈርማለሁ። ልትጠዪኝ ብትፈልጊ ሩቅ አትፈልጊኝ።

ወንድምሽ ጌዲ፣
ከአልጋሽ ግርጌ