ስለ አንዲት የፖም ችግኝ እና ስለ ላክኋቸው ሦስት ሽማግሌዎች

ይድረስ ለተከበሩ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ክፍል ኃላፊ፣
ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ተቀመጡበት ወንበር የተደላደለ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። የስልክዎን ሙዚቃ ደህንነት ግን በየቀኑ ስለማዳምጠው አልጠይቅም።

እኔ ምንያህል የተባልኩ፣ እዚሁ ኮሎምበስ አጠገብ ያለችው የካናል ዊንቸስተር ነዋሪ ነኝ። ደብረ ብርሃን ያሉት አማቴ እማማ ዓለምወርቅ ጓሮዬን በቪዲዮ አይተው የፖም ዛፌን ስለወደዱት፣ አፌ አላርፍ ብሎ ችግኝ እልካለሁ አልኩ። እሳቸውም ችግኟ ለክረምት ካልደረሰች ራሳቸው መጥተው እንደሚወስዷት፣ ከመጡ አይቀርም እኛ ዘንድ ከርመው እንደሚመለሱ ቁርጡን ነገሩኝ። አማት ካለዎት ጭንቀቴ ይገባዎታል፤ ከሌለዎት እንኳን ደስ ያለዎት።

ችግኟ ያለ እናንተ ምስክር ወረቀት ከአገር አትወጣምና፣ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩. ኢትዮጵያ ለሚገባ ችግኝ የሚጠየቀውን የጤና መስፈርት ራሴ ፈልጌ እንዳመጣ ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ። አዲስ አበባ ወዳለው የዕፅዋት ቢሮ ኮል ባደርግ፣ እሱንማ የላኪው አገር ቢሮ ያውቃል አሉኝ። እናንተ ወደ እነሱ፣ እነሱ ወደ እናንተ፤ ኧረ የሰው ያለህ! ችግኟ በበኩሏ አልተጉላላችም፤ ሳሎኔ ውስጥ ጣሪያ ልትነካ ነው።

፪. ድረ ገጽዎም ድንቅ ነው። ስሙን ሰምቼው ለማላውቀው ደሴት ሁሉ ዝርዝር መስፈርት አለው፤ የእኔን አገር ስጫን ግን ተቀባዩን አገር ይጠይቁ ይላል።

፫. ቢቸግረኝ በወጋችን መሠረት ሽማግሌ ላክሁብዎ። ጋሼ አያሌው፣ ጋሼ ቶሎሳ እና ጋሼ ብዙነህ ጋቢያቸውን ደርበው መስኮትዎ ፊት ቆሙ። ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥምና ወንበር ሲቀርብላቸው እምቢ ቢሉ፣ ጥበቃው ደንግጦ አለቃውን ኮል አደረገ። የችግኟን ዘር ቢጠየቁ እስከ ሰባት ቤት ለመቁጠር ተዘጋጅተው ነበር፤ የተጠየቁት ግን አፖይንትመንት ብቻ ነው። ጋሼ ቶሎሳ፣ ስንት ሙሽራ ያስፈቀድኩ ሰው በፖም ልዋረድ እያሉ እስከ ዛሬ አኩርፈውኛል።

ለዚህ ሁሉ ውለታዎ ብድር መላሽ ያድርገኝ እያልኩ፣ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

ታዛዥዎ፣ የችግኟም ደባል፣
ምንያህል

ማሳሰቢያ፦ የእማማ ዓለምወርቅ ቪዛ ከችግኟ ወረቀት ቀድሞ ደርሶ፣ ባለፈው ሳምንት ገብተዋል። ችግኟ ለምን እንደቀረች ብነግራቸው ሰነፍ አማች ነህ ብለው አላመኑኝም፤ ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ከእርስዎ አፍ ሊሰሙ ይመጣሉ። እንግሊዝኛ አይችሉም፣ አይቸኩሉም፣ ምሳቸውንም ቋጥረዋል።