ዋና ልማር ሄጄ የሰማሁት

የምወድዎትና የማከብርዎት አባቴ፣ አቶ ገብረሰንበት ወልደ ዮሐንስ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ዳገት ሲወጡ የሚሰማዎት ሕመም ተሻለዎት? የእማዬስ ሳል ለቀቃት? ዘንድሮ ውርጩ ቀድሞ ወረደ ሲሉ ሰምቼ ስለ ገብሱ ሐሳብ ገብቶኛል። እኔና ልጄ ህይወት እግዚአብሔር ይመስገን በጤና አለን። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብን የለም ብዬ እንዳልጽፍ ግን ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ የሰማሁት ነገር እስካሁን አደንዝዞኛል። በስልክ የሚነገር ስላልሆነ ጻፍሁልዎት። ይህን ወረቀት ብቻዎን ሆነው ያንብቡልኝ። ለወንድሜ ለገነነ አይስጡት፤ እሱ ጮክ ብሎ ነው የሚያነበው።

ነገሩ የመጣው ከወገቤ ነው። ስፌት መኪና ላይ ጎብጬ ስውል ወገቤን ያዘኝና ሐኪሙ ዋና ዋኚ አለኝ። ሳቅሁበት። ወንዝ ዳር እንዳልደርስ አድርገው ያሳደጉኝ፣ ለጥምቀት እንኳ ክንዴን ጨብጠው ከሕዝቡ ኋላ የሚያቆሙኝ እርስዎ አይደሉ? ሕመሙ ሲብስብኝ ግን እዚህ ፍኖተ ሰላም ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ ሆቴል ገንዳ የሚሰበሰብ የአዋቂዎች የዋና ክበብ አለ ሲሉኝ፣ ለማንም ሳልናገር ገባሁ።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ነው። እኔ ውኃ መግባት የማውቀው ጠበል ስሄድ ነውና፣ እህል ሳልቀምስ ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድሁ። ጫማዬን ከበሩ አወለቅሁ። ራሴ የሰፋሁትን እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቀሚስ ለብሼ ከገንዳው ጥግ ቆምሁ፤ አማትቤ ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅሁ። ይታገሱ የሚባለው ወጣት አሰልጣኝ፣ እትዬ እዚህ የሚያጠምቅ የለም፣ የሚገቡት ራስዎ ነዎት ሲለኝ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ስገባ ደግሞ ቀሚሱ አየር ሞልቶ እንደ ድንኳን ተነፋ። ሌሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲለማመዱ እኔ ብቻዬን የዳሩን ብረት ሙጭጭ አድርጌ ይዤ ቀረሁ። ባዶ ሆዴን ስለነበርሁ ራሴን አዞረኝ።

ከክበቡ ሰዎች አንጋፋው አቶ እጅጉ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። አውጥተው አስቀመጡኝና ሻይና ዳቦ አስመጡልኝ። የቡሬ ሰው ስለሆኑ እንዳገራችን ልማድ የማን ልጅ እንደሆንሁ ጠየቁኝ። ስምዎን ብናገር ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። የፈጣሙ ገብረሰንበት፣ ዋናተኛው? አሉኝ። አይ፣ አባቴ ዋና አይችሉም፣ ሌላ ሰው ይሆናል አልኋቸው። እሳቸው ግን ክረምት የፈጣም ወንዝ ሲሞላ ገበያተኛውን በትከሻው የሚያሻግር እሱ ነበር፣ እኔንም ከነሸክሜ አሻግሮኛል አሉ። ከዚያ አተኩረው አዩኝና፣ ታዲያ ያች የተረፈችው ልጅ አንቺ ነሽ? አሉኝ።

አባቴ፣ ሰማይ የተደፋብኝ መሰለኝ። እኔ የማውቀው ወንድሜን እንድሪያስን ብቻውን ከብት ሲያጠጣ ውኃ እንደወሰደው ነው። አቶ እጅጉ ግን ያን ቀን ቆመው አይተዋል። የሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ ከዳር ተንሸራትቼ የገባሁት እኔ ነኝ። እንድሪያስ እኔን ሊይዝ ዘለለ። እርስዎ መንገደኛ አሻግረው ሲመለሱ ውኃው ሁለታችንንም ይዞን ሲሄድ አገኙ፤ ለእጅዎ የቀረብሁት እኔ ነበርሁ። እኔን ዳር አድርሰው ሲመለሱ እሱ የለም። እስኪመሽ ሲጠልቁ ዋሉ፣ በመጨረሻም ሰው ነው በግድ ጎትቶ ያወጣዎት አሉኝ።

ከፈጣም ዳር ነቅለው ፈረስ ቤት ደጋው ላይ የወጡት መሬት ፍለጋ አልነበረም ለካ! በእንድሪያስ መታሰቢያ ቀን እማዬ እኔን ከጉያዋ ወሽቃ የምታለቅሰውም ለዚህ ኖሯል። ሁላችሁ አውቃችሁ ለእኔ ብቻ ዝም! ተቆጣሁ፤ አልዋሽዎትም፣ ቀኑን ሙሉ ስቆጣ ዋልሁ። በማግስቱ ህይወትን ሳጥባት ግን ራሴን ጠየቅሁ። እኔስ ብሆን፣ አንቺን ሊያወጣ ገብቶ ነው የሞተው ብዬ ለዚች ልጅ እነግራት ነበር? አልነግራትም።

ትናንት ወደ ገንዳው ተመለስሁ። አቶ እጅጉ አጠገቤ ቆሙልኝና ብረቱን ለቀቅሁ። ጥቂት ነው የሄድሁት፤ እንባዬን ውኃው ሸፈነልኝ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንዎት። ለእኔ ብለው ዝም ያሉት ይብቃዎት። እንድሪያስ ምን ዓይነት ልጅ ነበር? ምን ይወድ ነበር? ሲስቅ ማንን ይመስላል? ሕይወቱን የሰጠኝን ልጅ ከስሙ በቀር አንድም ነገር አላውቅለትም።

እማዬን ጉልበቷን ስመው፣ ልጅሽ ሁሉንም ሰማች፣ አልተቀየመችም ይበሉልኝ። ወንድሜን ገነነን፣ ሚስቱን ካሰችን፣ አራስ ቤት ያለውንም ሕፃን ይሳሙልኝ። ህይወት የአያቷን እጅ ትስማለች።

ከሁለታችን በእጅዎ የቀረሁት ልጅዎ፣
ያምሮት ገብረሰንበት

ፍኖተ ሰላም፣ ጥቅምት 18 ቀን 2011 ዓ.ም.