ምስማር ላይ የኖረው ባጅ

ለድሮው ባልደረባዬ፣

እንደምን ከረምክ? ወገብህስ ተሻለህ? አለቃ ከሆንክ ወዲህ ወንበር ላይ ነው የሚውለው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እሰየው። እኔ አለሁ። ጽሑፌ መወላገዱን አትታዘብ፣ በግራ እጄ ነው የምጽፈው።

የቀኙን ነገር ልንገርህ። መጀመሪያ ጥፍሮቼ ተሰነጣጠቁ፤ ከሳሙናው ነው ብዬ ዝም አልኩ። ቀጥሎ አንጓዬ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ አለኝ። ባለፈው ወር የጠርሙስ ክዳን ልከፍት ስል ጠቋሚ ጣቴ ቀጭ አለ። ሐኪሙ ራጁን አይቶ አጥንቱ ሞቷል፣ ይቆረጣል አለኝ። ያኔ ራጅ ክፍል ስሠራ ያገኘኝ ጨረር ዛሬ እንዲህ እንደሚያደርግ የነገረኝም እሱ ነው። የሕክምና ቦርዱ በሥራ የመጣ ጉዳት ነው ካለ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይልኩኛል፣ የቀሩት ጣቶቼ ሊተርፉ ይችላሉ።

ቦርዱ ፊት ቀረብኩ። ሰብሳቢው መነጽሩን እየወለወለ የጨረር መለኪያ ባጅሽ አንድም ቀን ከልክ አልፎ አያውቅም፣ ይሄ የዕድሜ ነው አለኝ። እናቴ እያለ ነው ደግሞ የሚጠራኝ፤ ቢበልጠኝ እንጂ አያንሰኝም። ማን አረጋገጠ ብዬ ብጠይቀው የክፍሉ አለቃ አለኝ። ደሜ ፈላ። አንተ ማለት እኮ ነው።

ባጁማ ምን ነክቶት ከልክ ያልፋል? በሩ ጀርባ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ነው የኖረው። እኔ ውስጥ፣ የራጁ መሣሪያ እየበራ፣ ሐኪሙ ስብራቱን እስኪያስተካክል የሰው ክንድ በባዶ እጄ ይዤ እቆማለሁ። ከባዱ የጨረር መከላከያ ሽርጥ ደረቴን ሸፈነ፤ እጄን ማን ሸፈነው? ባጁ የሞላበት ሰው ወደ መዝገብ ቤት ስለሚዛወር ሁላችንም እንሰቅለው ነበር። የኔን ግን ጠዋት ጠዋት ከኮሌታዬ ላይ ፈትተህ የምትሰቅለው አንተ ነበርክ። አንቺ መዝገብ ቤት ከሄድሽ ቀኑ እንዴት ይመሽልኛል ትለኝ ነበር። ሠርግህ ላይ ያጨበጨብኩልህ በዚህችው በታመመችው እጄ ነው።

አሁን አንዲት ልጅ እኔ ቦታ ተቀጥራለች አሉ። ምስማሩም እዚያው ነው አሉ። ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ቦርዱ ዘንድ ሄደህ ባጁ የት ይውል እንደነበር ተናገር። ይቅርታህን አልፈልግም፣ ለሚስትህ አስቀምጥላት። ካልሄድክ ግን እኔ ራሴ ተመልሼ እሄዳለሁ፤ ማን እንደሰቀለው ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሰቀለውም እናገራለሁ።

ልጆችህን ያሳድግልህ። ለአንተም ጤና ይስጥህ፣ እጆችህን ይጠብቅልህ። ነገ ጠዋት ግን ልጅቷ ከመግባቷ በፊት ያንን ምስማር ንቀለው።

የድሮ ባልደረባህ