ያልፈታሁት ማሰሪያ

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ፣ ጠዋት 2፡30
በቆሎ እየተጫነ ነው። እኔ መጋዘኔ በር ላይ፣ ደብተሬ ጉልበቴ ላይ። እሑድ የመጀመሪያ ርዳታ ፈተና አለብኝ። ጋሼ ይሁኔ፣ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ የሚሸከሙልን፣ ጆንያ ተሸክመው እንኳ አይተዉኝም። «እኛ ስፖርቱን እዚሁ ፍኖተ ሰላም እየሠራነው፣ አንቺ ቡሬ ድረስ ሄደሽ ትማሪዋለሽ?» ተሸካሚው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።
ስፖርት ሳይንስ በቅዳሜና እሑድ፣ ሦስተኛ ዓመቴ። ሐሳቤ በዚያ በኩል ፊዚዮቴራፒስት መሆን፣ የተጎዳ ሰውነት በእንቅስቃሴ ማከም ነው። የሰው ወገብ ሲጎብጥ በየቀኑ አያለሁ፤ የማጎብጠውም እኔ ነኝ።

ያው ዕለት፣ 10፡00
ጋሼ ይሁኔ ከመጫኛው ሳንቃ ወደቁ። ግራ ክንዳቸው ተሰበረ። ሆስፒታል እንሂድ አልኩ። እምቢ። ባለቤታቸው እትዬ እታገኝም እምቢ። ጅጋ ያሉት ወጌሻ ይሻላሉ አሉ። ባጃጅ የጠራሁላቸው እኔው ነኝ።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ
ፈተናው ቀላል። አንዱ ጥያቄ፦ ማሰሪያ ሲጠብቅና ደም ሲቋረጥ ምልክቱ ምንድን ነው? ማበጥ፣ መቀዝቀዝ፣ መደንዘዝ፣ ጥፍር ሲጫኑት ቀለሙ አለመመለሱ። ሁሉንም ጻፍኩ።
ስወጣ መ/ሩን ስለ ፊዚዮቴራፒ ጠየቅኳቸው። ሌላ ትምህርት ነው፣ ከአንደኛ ዓመት ትጀምሪያለሽ አሉ። ሦስት ዓመት በከንቱ! ማንም አላታለለኝም። ቀድሜ አልጠየቅኩም፣ በቃ። እጄን እስከ ጆንያው ሥር ሳልሰድ እህል የማልገዛው ሴትዮ።

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ፣ 11፡00
ጋሼ ይሁኔን ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኩ። ክንዳቸው በቀርከሃና በጨርቅ ግጥም ተደርጎ ታስሯል። ጣቶቻቸው አብጠዋል። ነካሁ፤ ቀዝቃዛ። የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ተጫንኩ፤ ነጣ፣ እንደነጣ ቀረ። «ትናንት ሲጠዘጥዘኝ አደረ፤ ዛሬ ደንዝዞ ተገላገልኩ» አሉኝ፣ ደስ ብሏቸው።
ማሰሪያው ይላላ አልኩ። እትዬ እታገኝ ተቆጡ። የሚፈታው ያሰረው እጅ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ከነካው አጥንቱ ይጣመማል፣ ወጌሻውም ዳግም አያዩትም አሉ። ወጌሻው ራሳቸው ሐሙስ ይመጣሉ።
አሰብኩ፣ ማስታወሻዬ። ፈትቼው ክንዱ ቢጣመም ከተማው ሁሉ የሚያወራው ስለ እኔ ነው። ተሸካሚ አላገኝም። የሚጠፋውም የእኔ ስም እንጂ የወጌሻው አይደለም።
እሺ አልኩ። የቀረበልኝን ጠላ ጠጥቼ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ
አልሄድኩም። ለእትዬ እታገኝ ስልክ ደወልኩ። ሕመም የለም፣ እንቅልፍም ወስዷቸዋል አሉኝ። ሕመም የሌለው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሁለት መኪና ጫንኩ።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ
ጣቶቹ ጠቆሩ። ጠዋት ሆስፒታል ወሰድናቸው። ከክርን በታች ተቆረጠ። ሐኪሙ፣ ከመጥቆሩ በፊት ያየ ሰው አልነበረም ወይ ብለው ጠየቁ። እትዬ እታገኝ ወደ እኔ ዞሩ።  እኔ ካርዱን ይዤ ልከፍል ወጣሁ።

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ
ክፍል አልሄድኩም። ጋሼ ይሁኔ ቤት ነበርኩ። ተማረች ተብዬ ትከሻቸው እንዳይደርቅ እንዳንቀሳቅስላቸው ለመኑኝ። አንቀሳቀስኩ። ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ቀስ ብዬ። በመሐል ነገርኳቸው። ሰኞ ዕለት አውቄ እንደነበር። የፈራሁትም ለእሳቸው እንዳልነበር።
 ትከሻቸውን ከእጄ አላወጡም። ከዚያ፦ «አንቺ ልጅ፣ ታዲያ ምነው ባትጮኺ? እኔ ብቆጣሽ፣ እሷ ብትሰድብሽ፣ ምን ነበረበት?»

ነገ ጅጋ እሄዳለሁ። ወጌሻውን ለመክሰስ አይደለም፤ እሳቸውን ከሰን ብንጨርስ ሰዉ ወደ ሌላው ወጌሻ ይሄዳል። ጣት ክፍት ሆኖ እንዲታሰር፣ ጥፍር በየጊዜው እንዲታይ በራሳቸው እጅ ላይ አሳያቸዋለሁ። ያባርሩኛል። ማክሰኞ እመለሳለሁ። ዳግም ካባረሩኝ ቅዳሜ፣ ገበያው መሐል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ እጮኻለሁ።
አንደኛ ዓመትም እመዘገባለሁ። ለጋሼ ይሁኔ ክንድ ግን ይህ ሁሉ ዘግይቷል።