ኅብስት ብቻ ቢሆን

ዘወትር በሐሳቤ ለምስመው ልጄ፣ እንደምን ከረምክ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ጣሪያው ማፍሰሱን ትቷል፤ ድመቷም ወልዳለች።

አባትህ ዛሬም ሳይቆርብ ወጣ። ቄሱ በር ላይ ይዘው ምነው ቢሉት፣ «ኅብስት ብቻ ቢሆን ዓይኔን ጨፍኜ እውጠው ነበር። አብሮት የሚገባው ጌታ ራሱ ነው» አላቸው።

«ለኃጢአተኛ እኮ ነው የተሰጠው።»

«ለተጸጸተ ነው። እኔ ገና ነኝ፤ ከቅዳሜ በኋላ እናያለን።»

ቅዳሜ ወንድሙ ስለ አያትህ ቤት ሊነጋገር መጥቶ እኛ ጋ ያድራል። አባትህ የአናጢነቱን ሥራ ከተወ ሰንብቷል፤ መጥረቢያውን ግን ጠዋት ማታ ይስለዋል።

ዓርብ ብትደርስልኝ ደስ ይለኛል፤ ያው ናፍቆት ነው። ያንተን አልጋ አንጥፌያለሁ። የአጎትህን ላነጥፍ ብል እጄ እንቢ አለኝ።

ሁላችንንም በሰላም ያገናኘን፤

እናትህ