በቁሜ የተተከለው ድንኳን

ይድረስ ከአጠገቤ ርቃ ሌት ተቀን ውል ለምትለኝ ልጄ ለሔራን ኃይለ መስቀል።

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? የሃምቡርግ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እህል ትቀምሻለሽ ወይ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ «እኔ ደህና ነኝ» የምትለዋን ለወጉ ያህል ጣል አድርጎ ወደ ጉዳዩ ያልፋል። የእኔ ጉዳይ ግን እሷው ናት። እኔ አባትሽ አልሞትኩም። ይህን የምጽፍልሽ የካ አባዶ ቤታችን መስኮት ሥር ተቀምጬ፣ በገዛ እጄ ነው። ፊደሌን አይተሽ ፍረጂ፤ «አባዬ ሲጽፍ ፊደሉ ሁሉ ወደ ኋላ ይንጋለላል» እያልሽ ስትስቂበት የኖርሽው ጽሕፈት ይኸውልሽ እንደተንጋለለ ነው።

እዚያው አብራሽ ያለችው ጓደኛሽ ሲፈን እንደነገረችን ጥቁር ለብሰሻል፣ ጸጉርሽን ተቆርጠሻል፣ ስልክሽን ዘግተሻል። ይባስ ብለሽ የነርስነት ትምህርትሽን የመጨረሻው ፈተና ደጃፍ ላይ ጥለሽ ልትመጪ ነው አለችን። አንዴ ከተውሽው ዳግም እንደማይቀበሉሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽም ከእሱ ጋር እንደሚሄድ የነገርሽኝ ራስሽ ነሽ። ሞቼ ቢሆን አልከለክልሽም ነበር። በቁሜ ቁጭ ብዬ የልፋትሽን ገደል መግባት ማየት ግን አልችልም። ስለዚህ የጎረቤታችን ልጅ ጋዲሴ ነገ እዚያው ሃምቡርግ ወዳለው ባሏ ስትበር ይህን ወረቀት በእጅሽ እንድታኖርልኝ አደራ ብያታለሁ። እስክትጨርሺው ድረስ ከአጠገብሽ አትሄድም።

ነገሩ የተጀመረው አንቺ ከላክሽልኝ ስፒከር ነው። ቅዳሴ ልሰማበት ነበር የላክሽው፤ ሰምቼበታለሁም፤ ተባረኪ። ሐኪሞቹ ማንቁርቴን አውጥተው ድምፄን ከወሰዱት ወዲህ ግን እንዴት እንደከረምኩ እናትሽ አልነገረችሽ ይሆናል። ሰው ጠልቼ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ክፍል ሙሉ ተማሪ በድምፄ ቀጥ ሳደርግ የኖርኩ መምህር፣ ደረጃ ላይ «እንዴት ዋሉ?» ላለኝ ሁሉ እንደ እንሽላሊት አንገት መነቅነቅ አልዋጥልህ አለኝ። ወንድምሽ ነአምን እየጻፍኩ እንድነጋገርበት የገዛልኝን ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ሶፋው ሥር ወረወርኩት። ኩርፊያ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት እናትሽ ለንግሡ የካ ሚካኤል ሄደች። ኅዳር ሲታጠን ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን በየደጁ ሲያቃጥል ጭሱ አንገቴ ላይ ባለችው የመተንፈሻ ቀዳዳ እንዳይገባ ብሎ ነአምን በሩን ቆለፈ፣ መስኮቶቹን ዘጋ፣ መጋረጃውን ሳበ። ከዚያ «አባዬ፣ ዛሬ አንድ ነገር አሳይሃለሁ፤ ካልወደድከው በከዘራህ ምታኝ» አለኝና የሮክ ኮንሰርት ፊልም ከፈተ፤ ስፒከርሽን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶ።

ስታዲየም ሙሉ ሰው ዝናብ ላይ ቆሟል። መብራቱ ጠፍቶ ሲበራ አራት ሽማግሌዎች መድረኩ ላይ ወጡ። ሽማግሌ ነው የምልሽ፤ በዕድሜ ከእኔ ቢያንሱ በጥቂት ነው። የጸጉራቸው ሽበት ትከሻቸው ላይ ተዘርግቷል፣ የቆዳ ሱሪ ለብሰዋል፣ ክንዳቸው ላይ ንቅሳት ያልደረሰበት ቦታ የለም። ዘፋኙ አፉን ሲከፍት ደንግጬ ከወንበሬ ተነሣሁ። እሱ ዘፈን አይደለም፤ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ጩኸት ነው። ቡፌው ውስጥ ያለው ብርጭቆ ይንጫጫል፤ ወለሉ ከእግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል። ዝጋው ልለው እጄን አነሣሁ፤ እጄ ግን በአየር ላይ ቀረ። ሰው ይህን ያህል ድምፅ ተሰጥቶት እንዲህ ይበትነዋል ብዬ ተናደድኩ። ንዴቴ ሳይበርድ ቀናሁበት። በኋላ ሰውዬው በመሐል ዝም አለና ማይኩን ወደ ሕዝቡ ዘረጋው። ያ ሁሉ ሰው የእሱን ግጥም ከአፉ ተቀብሎ ዘፈነለት። እሱ ቆሞ ይሰማል። እንባዬ መጣ፤ ለምን እንደሆነ አንቺን አላስረዳሽም።

እኛ እዚህ ሆነን ከታች ወይዘሮ ዘቢደር፣ ያቺ ከእኛ ሥር ያለችው ጎረቤታችን፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ጩኸቱን ሰማች። ምን ይፈረድባታል? የታመመ ሰው ያለበት ቤት ነው። ወጥታ ብታየው በሩ ተቆልፏል፣ መጋረጃው ወርዷል፣ ከውስጥ ኡኡታ ይሰማል፤ ከበሮውን ደግሞ ሰው ደረቱን ሲደቃ መሰላት። በሩን ደበደበች፤ በየት ሰምተን እንክፈት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ «ጋሼ ኃይሌን! ጋሼ ኃይሌን!» እያለች ደረጃውን ወረደች። የእድራችን ሊቀ መንበር አቶ ሚልኬሳ ደግሞ ሰው አረፈ ሲባል ማጣራት የማያውቅ ፈጣን ሰው ነው፤ ወዲያው ድንኳኑን አስወጣ። ዘቢደር፣ ደግ ሴት ናትና፣ አንቺ ብቻሽን ሆነሽ እንዳትሰሚው ሰጋች። ለሲፈን ደውላ «ለብቻዋ እንዳትነግሪያት፤ ሰው ሰብስበሽ በማለዳ አርዷት» አለቻት። ሲፈንም የተባለችውን አደረገች። ከደንቡ አንድም አልጎደለም፤ የጎደለው ሟቹ ብቻ ነበር።

እናትሽ ጠበሏን ይዛ ከሚኒባስ ስትወርድ በብሎካችን በር ላይ ድንኳን ሲተከል አየች። ጠርሙሱ ከእጇ ወደቀ። ምንም የነገራት ሰው የለም፤ ምን ይነግሯታል? ደግፈው አወጧት፤ ከቦርሳዋ ቁልፍ አውጥተው በሩን ከፈቱት።

እኔ ጋቢዬን ደርቤ ከበሩ ኋላ ባለው ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ሰዉ እየተላቀሰ ሲገባ ነአምን የፊልሙን ድምፅ ዘጋ፤ እኔን ግን በሩ ሸፈነኝና ማንም አላየኝም። ዘቢደር ዓይኗን ሳትገልጥ ሄዳ ሶፋው ላይ ተደፋች። ነአምንን አቅፈው «አይዞህ፣ ወንድ ልጅ አይደለህ» ይሉታል። እሱ ደግሞ እናቱን በዚያ ሁኔታ ሲያይ ከእናቱ ወገን ሰው የሞተ መስሎት አብሯቸው ይንሰቀሰቃል። እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ፣ ስሜን እስክሰማ ድረስ። የገዛ ስሜ ሲለቀስበት ስሰማ ብድግ አልኩ። የእውነት ሞቼ ይሆን እንዴ ብዬ አንገቴን ዳሰስኩ፤ ትንፋሼ ይወጣል።

ሔራንዬ፣ በዕድሜዬ አንድ ቃል እንደዚያን ቀን ጨንቆኝ አያውቅም። አለሁ። «እንዴት ነሽ» ላለሽ ሁሉ በቀን ስንት ጊዜ የምትጥያት ተራ ቃል ናት። አፌን ከፈትኩ፤ ከአንገቴ ቀዳዳ አየር ብቻ ወጣ። እናትሽ ወለሉ ላይ ሆና «ለማን ትተኸኝ» ትላለች፤ እኔ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። ልነካት ብል በመሐላችን ሰው ግጥም ብሏል። ሰሌዳዬን ፈለግኩ፤ ዘቢደር የተደፋችበት ሶፋ ሥር ነው። ኩርፊያዬን ያን ጊዜ ረገምኩት።

ቡፌው ላይ የብረት ትሪ ነበር። አነሣሁና በከዘራዬ ደበደብኩት። አደባደቡን ከዚያ ፊልም ከበሮ መቺ ገና መማሬ ነበር፤ ሳላሳንስ ደበደብኩት። እናትሽ ዞረች፣ ተነሣች፣ መጥታ ፊቴን በሁለት እጇ ዳበሰችው። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ገረፈችኝ። ዘቢደር አንዴ እኔን፣ አንዴ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለውን ባለንቅሳት ሽማግሌ አየችና አማተበች። አቶ ሚልኬሳ ባርኔጣውን አውልቆ «እንኳን አልሞቱ ጋሼ፤ ግን ድንኳኑ አንድ ቀን ቢቆይ ምን ይለናል፣ ስንት ሰው ጠርተናል» አለኝ። ለእዝን ተጥዶ ከነበረው ንፍሮ እኔም ዘገንኩ። የራሱን ንፍሮ የበላ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

እኛ እንዲህ ስንስቅ ዘቢደር ለሲፈን መልሳ መደወሉን በድንጋጤ ረስታው፣ በማግስቱ ትዝ ሲላት አንቺ ዘንድ ልቅሶው ተጀምሯል። እናትሽ ደውላ «አባትሽ ደህና ነው» አለችሽ። አያትሽ ሲያርፉ ለፈተናሽ ብለን ይህንኑ ቃል ስንልሽ ከርመናልና አላመንሽም፤ አልፈርድብሽም። «ድምፁን አሰሙኝ» አልሽ። ድምፅ ከየት ይምጣ? ነአምን በቪዲዮ ሲያሳይሽ ኔትወርኩ ደከመ፤ ፊቴ ዓይኔን እንደጨፈንኩ ስልክሽ ላይ ደርቆ ቀረ። የጮኽሽውን ሰማሁት። ከድንኳኑም ከልቅሶውም ይልቅ እስካሁን ያልለቀቀኝ ያ ጩኸትሽ ነው። ሌት እየሰማሁት እነቃለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሥር ስንኖር የነበረንን የቆርቆሮ በር ታስታውሺዋለሽ? ከትምህርት ቤት ስመለስ በቀለበቴ አንኳኳ ነበር፤ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፣ ቆየት ብዬ ደግሞ አንዴ። እናትሽ «ማነው?» ስትል ከውስጥ «አባዬ ነው» የምትያት አንቺ ነበርሽ። እኔ አንድም ቀን እኔ ነኝ ብዬ አላውቅም፤ አንቺም አንድም ቀን ተሳስተሽ አታውቂም። ነአምን ያኔ አልተወለደም፤ ማንም ሊያስመስለው አይችልም። እንግዲህ ስልክሽን ክፈቺና ደውዪ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን አንኳኳልሻለሁ። እናትሽም እንደ ድሮዋ ማነው ትላለች። ከመለስሽላት በኋላ ፊትሽን ታጥበሽ ወደ ፈተናሽ ትሄጃለሽ።

እናትሽ፣ የማርያምወርቅ፣ ዓይኖችሽን ትስማለች፤ ያ ጠበል ፈሶ እንዳይቀር ብላ ሄዳ ሌላ ቀድታልሻለች፤ ጋዲሴ ይዛዋለች። ነአምን ሰላም ብሎሻል፤ ስፒከሩን ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ደብቆት ነበር፤ እኔ ነኝ ያስወጣሁት፤ ፊልሙን ገና አልጨረስነውም። ዘቢደር ስምሽን ለመጥራት አፍራለች፤ ሰላምታዋን በእኔ በኩል ተቀበያት። ሲፈንን እንዳትቆጪያት፤ ደንብ ያወቀች ልጅ ናት፤ ሳሚልኝ።

ጣቴ ስለከሳ ቀለበቴ ትወልቅብኝ ነበር። እናትሽ ዛሬ ክር ጠምጥማ አጥብቃልኛለች።

አባትሽ ኃይለ መስቀል
የካ አባዶ፣ ኅዳር ፲፮ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.