ከግድግዳው የተነቀለው ሜትር

ለማትጠገቢው እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን የሚቆጠቁጥሽ ሕመም ተወሽ ወይ? እናታችንስ ዓይኗ እንዴት ሆነ፣ መነጽሩን ታደርጋለች ወይስ ዛሬም ለክት ብላ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበታለች? ባለቤትሽስ፣ ትንሿ ልጅሽስ? እኔን ከጠየቅሽኝ አካሌ ደህና ነው። አራት ወር ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁት ታምሜ አይደለም፣ አኩርፌሽ ነው። ዛሬ የምጽፍልሽ ደግሞ ልክ እንደነበርሽ ልነግርሽ ነው፤ እሱ ከኩርፊያውም ይከብደኛል።

ትልቋን ልጄን፣ ስለ ሁሉ ነገር ለምን ስለምትል ወይዘሮ ለምን የምንላትን፣ ከትምህርት ቤት ያወጣኋት ጠዋት ጠዋት የደንብ ልብሷን ስታይ ያስመልሳት ስለነበር ነው። የመጨረሻው ወንበር ላይ ተረስታ ነበር። እቤቴ አስተምራለሁ ብዬ ፈቃድ አወጣሁ፤ ታናሽ ወንድሟን ድቡልቡሉንም አብሬ ያዝኩ። ልብስ ሰፊ ነኝና እኔ በእጄ ሳልዳስሰው የገባኝ ነገር የለም። ስለዚህ ታሪኩም ሳይንሱም በእጅ ይሁን አልኩ።

ስንቱን ሠራን መሰለሽ። ከሁለት ጣሳና ከቀጭን ቱቦ በውሃ የሚቆጥር ሰዓት ሠራን። ባቄላ በርጥብ ጥጥ አብቅለን ሥሩን በክር ለካን። የበረንዳው ውሃ መውረጃ እስኪደፈንና አከራያችን እስክትጮህ ድረስ በጭቃ ጡብ ከተማ ገነባን። ለታሪክ ደግሞ የስፌት ሜትሬን ግድግዳው ላይ በስፒል ሰካሁት፤ አንዱ ሳንቲ ሜትር አሥር ዓመት፣ ጫፉ ዛሬ። የእናታችን ዕድሜ ሰባት ሳንቲም ሆነ። ልጅቷ በመሃል ጣቷ ለክታ፣ አያቴ በሙሉ ይቺ ብቻ ናት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሜትሩ እዚያ ስለዋለ የአንዷን ደንበኛ ክንድ በስንዝር ለክቼ፣ ስትለብሰው እጅጌው ጣቷን ሸፈነው። እኔ ግን ደስታዬ ሌላ ነበር።

አንቺ ሃያ ዓመት ጠመኔ የያዝሽ መምህር ነሽና፣ በእጅ መሥራቱ መልካም ነው፣ ግን ማንበቧን ፈትሺ ብለሽ ጻፍሽልኝ። ቆሽቴ አረረ። ልጄ ታነባለች ብዬ አምን ነበር። እኔ በስፌት መኪናዬ እየሰፋሁ ከመማሪያ መጽሐፏ አንድ ጊዜ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፣ እሷ ትሠራለች። ከሰዓት በኋላ ያንኑ መጽሐፍ ይዛ ለድቡልቡሉ ትደግምለታለች፤ ገጹን በልኩ ትገልጣለች፣ አንድ ቃል አይወድቅባትም። ለካ በጆሮዋ ይዛው ኖሯል።

ባለፈው ማክሰኞ ፈቃዱ በሁለት ዓመት አንዴ ለሚጠይቀው ፈተና ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ወሰድኳቸው። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ አራት ወንበርና የማይከፈት መስኮት። ወላጅ ከኋላ ተቀምጦ ማየት ይፈቀድለታል። ፈታኟ ወረቀቱን ሰጠቻት። ልጄ አየችው፣ ገለበጠችው፣ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር ፈለገች። ከዚያ ዕቃው የት አለ ብላ ጠየቀች። ፈታኟ ፈገግ ብላ፣ ዕቃ የለም፣ አንብበሽ ነው የምትመልሺው አለቻት። ልጄ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። እንዳነብላት እየጠበቀች ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ፣ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ፈታኟ ክፉ ሴት አይደለችም፣ አልዋሽም። የመጀመሪያውን ጥያቄ ራሷ አነበበችላት፤ ስለ ተክል ሥር ነበር። ልጄ ሥሩ ለምን ወደ ታች እንደሚሄድ ጥጧንና ባቄላዋን እየጠቀሰች አስረዳቻት፤ ሴትየዋ ብዕሯን አስቀምጣ ሰማቻት። በኋላ ግን ለዚህ የሚሞላ ቦታ ቅጹ ላይ የለም አለችኝ። ፈቃዱ ተሰረዘ። ከሰኞ ጀምሮ ሁለቱም ወደዚያው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ከስድስት ዓመት ወንድሟ ጋር አንደኛ ክፍል ትቀመጣለች።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ፊደል ይዘን እንቀመጣለን። አንድ መስመር አልዘለቅንም። ትላንት ፊደሎቹ ዝም ብለው አይቆሙልኝም አለችኝ። አባቷ እንደምታውቂው ሾፌር ነው፣ ሁለት ሳምንት መንገድ ላይ ነው፤ በስልክ ስነግረው ልጅ ናት ትደርስበታለች አለኝ። እኔ አልመሰለኝም። ሁለት ዓመቷን በገዛ እጄ ቆርጬ ጣልኩት፣ የተቆረጠ ደግሞ መልሼ ልቀጥል አልችልም። አንቺን ሰምቼሽ ቢሆን ኖሮ እላለሁ፣ ምን ዋጋ አለው።

ዛሬ የደንብ ልብሳቸውን እየሰፋሁ ነው። የእሷን ልክ ለመውሰድ ሜትሩን ከግድግዳው ነቀልኩት። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ሳወጣ ቆማ አየችኝ። ለምን አላለችኝም።

የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ይህን ግን አታንብቢላት፣ ልጆቹ ደህና ናቸው በያት። ባለቤትሽን አክብሬ ሰላም ብዬዋለሁ፣ ወገቡን ይጠንቀቅ። ትንሿን ጉንጯን ሁለቴ ሳሚያት። ድቡልቡሉ ጥርሱ መውለቁን ንገሪልኝ ብሏል።

ከታች ያለው ሥዕል የልጄ ነው። ለአክስትሽ ሰላምታ ጻፊላት ብያት ብዕሩን ይዛ ብዙ ቆየች፤ በኋላ ሜትሩን ሣለች። ጫፉ ላይ ያሉት ሁለት ነጥቦች እሷና ወንድሟ ናቸው። እታለም ይህን ማንበብ ትችላለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ትችላለች አልኳት።

ታናሽ እህትሽ
ከስፌት መኪናዬ አጠገብ፣ መጋቢት 14 ቀን